ከተማ ማለት ድንኳን ነበር

«ቤት ያለው ሰው ስለ ምን ሜዳ ላይ ያድራል?» ብለው አማቴ የጠየቁኝ፣ ጎንደር፣ ማራኪ ከሚገኘው ቤታችን ደጃፍ ድንኳኑን፣ ብርድ ልብሱንና የሁለቱን ሕፃናት ካፖርት መኪና ላይ ስጭን ባዩኝ ጊዜ ነበር፤ እኔም መልስ ባጣ «ልጆቹ ካምፒንግ ይሉታል፣ እማዬ» ብዬ አለፍሁ። መልሱ የመጣልኝ ዘግይቶ ነው፤ ከደባርቅ ማዶ፣ ስሙ ሳንቃ በር ተብሎ ሳንቃም በርም በሌለው የስሜን ሰፈር፣ ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ሌሊቱን ሳጋምስ።

«ከተማ» የምንለው ቃል «ከተመ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ የጥንት ትርጓሜው ንጉሥ ከነሠራዊቱ ድንኳን ተክሎ የሚያርፍበት ሰፈር እንጂ የግንብ አጥር አልነበረም። ነገሥታቱ ለዘመናት እየከተሙና እየነቀሉ መዞራቸው፣ አንድም ለዘመቻና ለግብር፣ አንድም ያ ሁሉ ሕዝብ ያረፈበትን አገር እህልና ማገዶ ጨርሶ ስለሚነሣ ነው፤ ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ባደረጉ ጊዜ ግን ድንኳኑ ለግንብ ቦታውን ለቀቀ፣ ስሙን ብቻ አወረሰ። ማዕረጎቻችንም የዚያው ሰፈር ትራፊዎች ናቸው፤ ፊታውራሪው ቀድሞ የሚጓዝ፣ ቀኛዝማችና ግራዝማች በቀኝና በግራ የሚሰለፉ፣ ደጃዝማቹም ስሙን ከደጅ ያገኘ ነውና። ቤተ ክህነትም ብትሆን ከዚህ አልራቀችም፤ «ደብተራ» በግእዝ ድንኳን ማለት ነው፣ ታቦቱም በከተራ ዕለት ከመንበሩ ተነሥቶ በጥምቀተ ባሕሩ ዳር በድንኳን ያድራል።

ይህን ሁሉ ለልጆቼ ተረከሁላቸው፤ ባልተርክላቸው ይሻል ነበር። የዘጠኝ ዓመቷ በቀኝ፣ የስድስት ዓመቱ በግራ እንዲተኙ ብደነግግ፣ ታናሹ ግራዝማችነትን አልቀበልም ብሎ ዐመፀ፤ እናታቸው በዳኝነት እስክትሰየም ድረስም ሁለቱም መካከሉን ይዘው እኔን ወደ መግቢያው ስለገፉኝ፣ ንጉሥነቴ ቀርቶ ሳልወድ በግዴ ደጃዝማች ሆኜ አደርሁ። (እውነቱን ለመናገር በሩን የጠበቀው ጠመንጃውን ታቅፎ እሳት ዳር የተቀመጠው የፓርኩ ስካውት ነው፤ የእኔ ድርሻ ነፋሱን በጀርባዬ መከልከል ነበር።)

ሲነጋ ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል እየወጡ ሣር ይነጩ ጀመር።

«እነዚህስ ድንኳን የላቸውም?» አለ ታናሹ።

«ገደሉ ይበቃቸዋል፣ የኔ ጌታ» አለው ስካውቱ፣ እኔን ሰረቅ አድርጎ እያየ።

ማራኪ በተመለስን ማግስት ልጆቹ ድንኳኑን ከግቢያችን መካከል አስተከሉኝ። ሦስተኛ ወሩን ይዟል፤ አማቴ ዝናብ ያዘለ ደመና ባዩ ቁጥር የተሰጣ በርበሬያቸውን ወደዚያ ያስገባሉ።