ማስተማር ስንችል

በ2008 ዓ.ም. የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ሲወጣ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሚያስፈልገን በግልጽ ነግሮን ነበር። ያለ ፈቃድ የሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባትን በወንጀልነት ደነገገ። ከኮምፒውተር የተገኘ መረጃ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ መንገድ ተከፈተ። ታዲያ ማን ይሰብስበው? ማን ይመርምረው? ዳኛ ፊት ቆሞ ማን ያስረዳው? እኛ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች መጠየቅ ነበረብን። አልጠየቅንም።

መልሱ እኮ ሩቅ አልነበረም። አዲስ ፋኩልቲ ክፈቱ ያለን የለም። ሕግ፣ አካውንቲንግ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ለሚማር ልጅ ከዋናው ትምህርቱ ጎን ጥቂት ኮርሶችን በማይነር መስጠት ይበቃ ነበር። የሳይበር ደህንነት፣ ኔትወርክ፣ ዲጂታል ፎረንሲክ፣ የማስረጃ ሕግ። መሣሪያውስ? ኦቶፕሲንና ዋየርሻርክን የመሳሰሉ ሶፍትዌሮች በነጻ ይገኛሉ።

እኛ ምን አደረግን? የሕግ ተማሪያችን ሎግ (የኮምፒውተር የእንቅስቃሴ መዝገብ) ምን እንደሆነ ሳያውቅ ተመረቀ። ለኮምፒውተር ተማሪው የደህንነት ኮርስ ሰጥተን ተገላገልን፤ ስለ ፍርድ ቤት ማን ነገረው? በማስረጃነት የተያዘ ሃርድ ዲስክ መጀመሪያ እንዳይጻፍበት ይቆለፋል። ግልባጭ ይወሰዳል። የዋናውና የግልባጩ ሃሽ (ዲጂታል አሻራ) አንድ መሆኑ ይረጋገጣል። በማን እጅ እንዳለፈ ይመዘገባል። ይህን ማስተማር ስንት ዓመት ይፈጃል? ይህን የማያውቅ ሰው ኮምፒውተሩን "እስቲ ልየው" ብሎ ሲከፍተው ብቻ የፋይሎችን ሰዓት ይቀይራል። ማስረጃውን በገዛ እጁ ያበላሻል። በተበላሸ ማስረጃ ለተከሰሰው ንጹሕ ሰው ማን ይከራከርለታል? ጠበቃውንም እኮ አላስተማርነውም!

ጊዜው ግን አልጠበቀንም። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር መጣ። ገንዘባችን ስልካችን ውስጥ ገባ፤ አጭበርባሪውም ተከትሎት ገባ። "ከባንክ ነው የምንደውለው፤ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩን።" እናቶቻችን ነገሩት። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሲናጋ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ልጆቻችን ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ለማውጣት በሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ። ይሁን! የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ከነሰዓቱና ከነሒሳብ ቁጥሩ እንደሚመዘገብ ለእነዚያ ልጆች ማን መንገር ነበረበት? ዩኒቨርሲቲዎች "ገንዘቡን መልሱ" የሚል ማስታወቂያ አወጡ። ለማስታወቂያው ቦታ ነበረን። ለኮርሱ አጣን?

ዛሬ "ባለሙያ የለም" እንላለን። ከየት ይምጣ? አዋጁ በወጣ ማግስት ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅ ዛሬ መርማሪ ነው፣ ዐቃቤ ሕግ ነው፣ ኦዲተር ነው። በእጃችን ነበር። ዓመታት ሙሉ ክፍላችን ተቀምጦ ደብተሩን ዘርግቶ ጠብቆን ነበር። በጀት አነሰን አንበል! የሕጉና የኮምፒውተሩ ትምህርት ክፍል አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ የኮርስ ዝርዝር ጽፈው፣ ለሴኔት ማቅረብ ነበረባቸው። ይህቺን ነው ያልሠራናት። ይህቺን!