ከሥር የሚመጣ ብርድ

በደጋ አገር ድንኳን ተክሎ የሚያድር ሰው ብርድ ይመጣብኛል ብሎ የሚጠብቀው ከሰማይና ከነፋስ ነው። ስለዚህም ያለውን ልብስ ሁሉ ከላይ ይደርባል። የተኛበትን መሬት ግን ይረሳል።

አንድ መምህር ተማሪዎቹን አስከትሎ ዋልያንና ጭላዳን ለማሳየት ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በወጣ ጊዜ የሠራው ስሕተት ይኸው ነበር። የሰፈሩት ጨነቅ ከተባለው ስፍራ ሲሆን፣ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,600 ሜትር አያንስም። በዚያ ቀን ቀን ፀሐይዋ ፊት ታቃጥላለች፤ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ግን ቅዝቃዜው ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርድና ማለዳ በጅብራው ቅጠል ላይ ውርጭ ይታያል።

መምህሩ ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ሁለት ብርድ ልብስ አደለ። ከሥር የተነጠፈው ስስ ላስቲክ ብቻ ነበር። እኩለ ሌሊት ሲሆን ከሁሉም የሚያንሰው ልጅ ጥርሱ ይንገጫገጭ ጀመር። መምህሩ ጋቢውን አውልቆ ደረበለት፤ መንቀጥቀጡ ግን አልቆመም። በዚህ መካከል ሽማግሌው የበቅሎ ጫኝ ድምፅ ሰምተው ገቡና እጃቸውን ከልጁ ግንባር ላይ ሳይሆን ከጀርባው ሥር አስገቡ።

«መምህር፣ የሰማዩንስ ከልክለውለታል። ልጁን የሚበላው መሬቱ ነው» አሉ።

ወዲያውም ለበቅሎዎቻቸው በጆንያ ያመጡትን ጭድ አፍሰው ጐዘጐዙ፤ በላዩም የራሳቸውን አጎዛ አነጠፉ። ጥቂት ቆይቶ መንቀጥቀጡ ተወው። በብርድ የተጎዳ ሰው መንቀጥቀጡን ሲያቆም ሁልጊዜ ድኗል ማለት አይደለም፤ ንግግሩ ከተጎተተና አሳቡ ከተደናገረ አደጋው ብሷል። መምህሩም ይህን ስለሚያውቅ ልጁን ቀስቅሶ አነጋገረው። ልጁ ጥርት ባለ አንደበት፣ «ምነው ጋሼ፣ አሁን ገና እንቅልፍ ቢወስደኝ!» ብሎ አጕረመረመ።

ነገሩ ምስጢር የለውም። ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ያልፋል። ሰውን የሚያሞቀው ሱፉ ራሱ ሳይሆን በጠጕሩ መካከል ታግዶ የሚቆመው አየር ነው፤ የረጋ አየር ሙቀትን እምብዛም አያሳልፍምና። ከሥር የተነጠፈ ብርድ ልብስ ግን በሰውነት ክብደት ተጨፍልቆ አየሩን ይተፋል። መሬቱ ርጥብ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው፤ ውሃ ከረጋ አየር 20 ጊዜ በላይ ሙቀት ያሳልፋልና። የጭዱ አገዳ ባዶ ስለሆነ፣ የአጎዛውም ጠጕር ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ጭነት ይችላሉ።

የዛሬው የፎም ምንጣፍ ሥራው ይኸው ነው። ለፍራሽ የሚያገለግለው ስፖንጅ የሚሠራበትን ፖሊዩሬቴን እ.ኤ.አ. በ1937 ኦቶ ባየርና የሥራ ባልደረቦቹ በጀርመን አገር ፈለሰፉት። ነገር ግን የዚህ ስፖንጅ ቀዳዳዎች እርስ በርሳቸው የተገናኙ በመሆናቸው ውሃ ይጠጣል፣ ሲተኙበትም ይጣበቃል። ለጉዞ የሚሻለው እያንዳንዱ አረፋ ለብቻው የተዘጋ ፎም ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ቍራሹን ውሃ ውስጥ ነክሮ መጭመቅ ይበቃል፤ ውሃ ከተንጠፈጠፈው ለድንኳን አይሆንም። ሁለቱም በእሳት ቶሎ ይያያዛሉ፣ ጢሳቸውም መርዝ ነውና ከምድጃና ከሻማ መራቅ አለባቸው።

በሚቀጥለው ዓመት መምህሩ አንድ ጣት ውፍረት ያላቸውን እነዚህን ምንጣፎች ጠቅልሎ በበቅሎ አስጭኖ ተመለሰ። ሽማግሌው ጭነቱን አንሥተው ቅለቱን ቢያዩ አላመኑም፤ ያን ሌሊትም በአጎዛቸው ላይ ተኙ። ማለዳ ተማሪዎቹ ሁሉ በደኅና አድረው ሲወጡ፣ አንዱን ምንጣፍ በአውራ ጣታቸው ተጭነው ተመልሶ ሲነሣ አዩትና፣

«መምህር፣ የዚህ በግ አገሩ ወዴት ነው?» ብለው ጠየቁ።