ዓሣ ላይ የሚለጠፈው አረንጓዴ ምልክት ዋጋ ይጨምርልናል?



የዓሣ ኩሬ ያላችሁ አንዳንዶቻችሁ በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ልካችሁልኛል። "ውጭ አገር የታሸገ ዓሣ ላይ የሚለጠፈውን አረንጓዴ ምልክት እኛም ብናወጣ ዋጋችን ከፍ አይልም ወይ?" የሚል ነው። ጉዳዩ የኪሳችሁ ጉዳይ ስለሆነ ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ።

ምልክቱ ኤ.ኤስ.ሲ ይባላል። የሚሰጠው ለእርባታ ዓሣ ነው፤ ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ2010 ተቋቋመ። ምልክቱን ለማግኘት የውኃው ጥራት ይለካል፣ መኖው ከየት እንደመጣ ይጠየቃል፣ የመድኃኒት አጠቃቀም ይታያል፣ ዓሣው አምልጦ ወንዝ እንዳይገባ ጥንቃቄ መደረጉ ይረጋገጣል። የሠራተኛ አያያዝ ሳይቀር ይመረመራል። የሚመረምረው ገለልተኛ አካል ነው፤ ወጪው ግን በአርቢው ላይ ነው።

ታዲያ ገዢው ምልክቱን አይቶ ነው የሚገዛው? ጀርመን የምትኖር የአክስቴ ልጅ ሱቅ ስትሄድ እንድታይልኝ ጠይቄያት ነበር። ቤቷ ያለውን፣ ከቬትናም የመጣ የኛ አምባዛ ዘመድ የሆነ ዓሣ ፎቶ ላከችልኝ። ምልክቱ አለበት። "አይተሽው ነው የገዛሽው?" ብላት፣ "ኧረ ወንድሜ፣ ዋጋው ተስማምቶኝ ነው! ምልክቱን ያየሁት አሁን አንተ ስትጠይቀኝ ነው" አለችኝ።

እሷ ብቻ አይደለችም። ገበያ የሚያጠኑ ሰዎችም ይህንኑ ደጋግመው አይተዋል። ሰው ሲጠየቅ "አካባቢ ለማይጎዳ ዓሣ ጨምሬ እከፍላለሁ" ይላል፤ መደርደሪያው ፊት ሲቆም ግን ብዙ ጊዜ ዋጋው፣ ትኩስነቱና የለመደው ዓይነት ያሸንፋሉ። የሚጨምር የለም ማለቴ አይደለም፤ የሚጨምረው ግን ምልክቱን የሚያውቀውና የሚያምነው ነው። ምልክቱ ይበልጥ ጉልበት ያለው ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ጋ ነው። እነሱ "ምልክት የሌለውን አንረከብም" ካሉ፣ ሸማቹ ሳያስበው ባለምልክቱን ይገዛል። ስለዚህ ለብዙው አርቢ ምልክቱ የገበያ በር መክፈቻ እንጂ የዋጋ ጭማሪ አይደለም።

ምልክት እኮ ኩሬውን ማየት ለማይችል ሰው የሚሰጥ ምስክርነት ነው። የእናንተ ገዢ ግን ጎረቤታችሁና የወረዳው ከተማ ሆቴል ቤት ነው፤ መጥቶ በዓይኑ ማየት ይችላል። ስለዚህ አሁን ለምልክት ገንዘብ አታውጡ። "ተለጣፊ ልሽጥላችሁ" የሚል ቢመጣም "ኩሬዬን ማን መረመረው?" በሉት። ነገ ወደ ውጭ መላክ ከታሰበ፣ ቡና አምራቾች በዩኒየን ሰርተፍኬት እንደሚያወጡት ሁሉ፣ በቡድን የማውጣት መንገድ አለ።

ከምልክቱ መውሰድ ያለባችሁ አሠራሩን ነው፦

✅ ጫጩቱ መቼና ከየት እንደመጣ፣ የሰጣችሁትን መኖና መድኃኒት ደብተር ላይ ጻፉ።
✅ የፀረ ተባይ መርጫ ኩሬው አጠገብ አትጠቡ።
✅ የውኃ መውጫው ላይ ወንፊት አድርጉ።
✅ ዓሣውን ከማውጣታችሁ አንድ ቀን በፊት መኖ አቁሙ።

ከዚያ ጾም ሳይገባ ባለሆቴሉን ጠርታችሁ ኩሬውንም ደብተሩንም አሳዩት። አንዴ ካመናችሁ ሌላ ሰው ፍለጋ አይሄድም።

ደብተር የጀመራችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ የጎደለ ካለ አብረን እናስተካክላለን። መልካም ሥራ!