እንግዳን እንቀበላለን፤ ጎረቤትንስ?

መንገደኛ ሲመሽበት ደጃችን ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይለናል። እኛም «ቤት ለእንግዳ» እንላለን። እግሩን እናጥበዋለን። ያለችንን እንጀራ እናቀርብለታለን። መደቡን ለቀንለት መሬት እንተኛለን። ይህ ካባቶቻችን የወረስነው ደግ ልማድ ነው። አብርሃም በድንኳኑ ደጃፍ ሦስት እንግዶችን ተቀብሎ እንዳስተናገደ ቄሶቻችን ያስተምሩናል።

መንገደኛ ግን አንድ ሌሊት አድሮ ይሄዳል። ከባዱ ነገር ሁልጊዜ አብሮን የሚኖረውን ሰው መቀበል ነው።

ባገራችን ሸክላ የምትሠራው፣ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚፍቀውና ሸማ የሚሠራው ሰው ሲናቅ ኖሯል። «ቡዳ ነው፤ ዓይኑ ይበላል» ይባላል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬም ግን ባንዳንድ ቦታ ከባለ እጅ ጋር አብሮ የማይበላ፣ ልጁን የማይድርለት ሰው አለ።

እስቲ እናስተውል። የምናርስበትን ማረሻ ማን ሠራው? ወናፉን እየነፋ ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ነው። እንጀራ የምንጋግርበትን ምጣድ ማን ሠራችው? ሸክላ ሠሪዋ ናት። አፈሩን ቆፍራ ትሸከማለች። ታቦካለች፤ ታበጃለች፤ ታደርቃለች፤ በእሳት ትተኩሳለች። በምጣዷ የተጋገረውን እየበላን ከሷ ጋር አንበላም ማለት ምን ይሉታል? ቄሱ ሲያሳልሙን የምንስመው መስቀልም ከባለ እጅ እጅ የወጣ ነው። ጌታችንም ያደገው በእንጨት ጠራቢው በዮሴፍ ቤት ነው።

ይህ ነገር በኛ የማርያም ማኅበር መጣ። አንዲት ሸክላ ሠሪ ጎረቤታችን «እኔም ከናንተ ጋር ማኅበር ልጠጣ፤ ተራዬ ሲደርስ ልደግስ» ብላ ጠየቀች። ብዙ ተከራከርን። አንዷ «ልጆቻችንን ብትበላብንስ?» አለች። አንዱ «ኧረ ጠላዋን ማን ይጠጣል!» አለ።

መጻፍና ማንበብ የተማረ አንድ ወጣት ተነሣ። «የልጆች በሽታ ከሰው ዓይን አይመጣም። ከቆሸሸ ውሃ ይመጣል፤ ከወባ ትንኝ ይመጣል። ልጅ ሲታመም ሰው ከማማት ጤና ጣቢያ መውሰድ ይሻላል» አለ።

ቀጥሎ የማኅበሩ ሙሴ ተናገሩ። የካቲት 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት፣ የምንሰማውን የበላዔ ሰብን ታሪክ አስታወሱን። ያ ሰው 78 ነፍስ ያጠፋ ነበር። በማርያም ስም ለለመነው፣ ገላው ለቆሰለ ድኻ የሰጠው ጥርኝ ውሃ አዳነው። ሙሴው «እመቤታችን እሱን እንኳ ካልናቀች፣ ይቺን ደግ ጎረቤት የምንንቅ እኛ ማን ነን?» አሉ።

ሴትዮዋ ገባች። ተራዋ ሲደርስ ቤቷ ሄድን። ቤቱ ተጠርጎ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ቄሱ ዳቦውን ባረኩ። ጠላውን መጀመሪያ የቀመሱት ሙሴው ናቸው። ከዚያ ጽዋው ዞረ፤ ሁላችንም ጠጣን። ማንም አልታመመም።

ሁለት ሰዎች ግን ማኅበሩን ጥለው ወጡ። መንገድ ላይ ስናገኛቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ይህ ያሳዝነናል። እኛ ግን «እንደምን ዋላችሁ» ማለት አላቆምንም። ስማቸውንም ከተራው አልሰረዝንም። ሸክላ ሠሪዋን ተቀብለን እነሱን ብንጠላ፣ ጥላቻን ካንዱ ቤት አውጥተን ሌላው ቤት አስገባነው ማለት ነው። እነሱን መታገሥ ጠላውን ከመጠጣት የባሰ ፈተና ሆኖብናል።

ማተብ ማሰር ቀላል ነው። መጾምም ይለመዳል። ከተናቀ ሰው ጋር ከአንድ መሶብ መቁረስ፣ ያኮረፈንንም ሰው ደጁ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ግን ልብን ይጠይቃል። ክርስትናችን የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።

እንወያይ፦
1. በሰፈራችን በሥራው የሚናቅ ሰው አለን? ማነው?
2. ከሱ ጋር አብረን በልተን እናውቃለን?
3. ያኮረፈንን ጎረቤት ለማስታረቅ በዚህ ሳምንት ምን እናድርግ?