ቁጥር 2 የአባባ ናት

በአፉላ ኢንዱስትሪ ቀጠና፣ በጋራዦች መካከል፣ ሙዚቃ የምንቀዳባት አንዲት ትንሽ ክፍል አለችን። ቀን ቀን የብረት መቁረጫው ጩኸት ስለማያስቀዳ ሥራችን የሚጀምረው ጋራዦቹ ሲዘጉ ነው። ኮምፒውተሩ አንድ ሲሆን ተጠቃሚው ግን ብዙ ነው። ዛሬ የምንጽፍላችሁ በዚሁ ኮምፒውተር ላይ ስለሠራነው ስሕተትና ከዚያም ስለተማርነው ነገር ነው።

የምንሠራበት ፕሮግራም ሎጂክ ፕሮ ይባላል። ሎጂክን መጀመሪያ ያወጣው ኤማጂክ የተባለ የጀርመን ኩባንያ ሲሆን፣ አፕል እ.ኤ.አ. በ2002 ኩባንያውን ገዝቶታል። ፕሮግራሙ ብዙ መስኮቶች አሉት፤ ትራኮቹ የሚታዩበት፣ ድምፅ የሚመጠንበት ሚክሰር፣ ኖታ የሚታረምበትና ሌሎችም። ሁሉም ባንድ ጊዜ ከተከፈቱ ስክሪኑ እንደ ገበያ ቀን ይተራመሳል። ለዚህ መፍትሔው ስክሪንሴት ነው። መስኮቶቹን እንደሚመቸን ደርድረን በቁጥር እናስቀምጣለን፤ በኋላ ያንን ቁጥር ስንጫን እንደደረደርናቸው ይመለሳሉ። ከ1 እስከ 99 ካሉት ቁጥሮች ዜሮ የሌለባቸው ስለሚያገለግሉ በአንድ ፕሮጀክት 90 ያህል ድርድር መያዝ ይቻላል።

በየሳምንቱ የሚመጡ አንድ ማሲንቆ የሚመቱ አባት አሉ። የጎንደር ዘፈኖችን ለልጅ ልጆቻቸው እየቀዱ ያስቀምጣሉ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ስለዚህ የእሳቸውን ትራክ ብቻ አጉልተን ቁጥር 2 ላይ አስቀመጥንላቸው። የአውቶቡስ ቁጥር ለይተው ስለሚሳፈሩ 2ን ማወቅ አላስቸገራቸውም።

ከዚያ ወጣቶቹ በማሲንቆው ላይ ከበሮና ባስ ለመጨመር ፈቃድ ጠየቋቸው፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ፈቀዱ። ልጆቹ በዚያው ፕሮጀክት ሲሠሩ ቁጥር 2 ላይ እንዳሉ ሚክሰሩን ከፈቱ፤ የአባባንም ትራክ አሳነሱት። ሆን ብለው ያስቀመጡት ነገር የለም። ነገር ግን ስክሪንሴት ካልተቆለፈ የተለወጠውን ሁሉ ራሱ ይመዘግባል። መቆለፍ የነበረብን እኛ ነበርን፤ አልቆለፍነውም።

በሳምንቱ አባባ መጥተው 2ን ተጫኑ። ማሲንቆአቸው የለም። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እዚህ አገር ስንገባ ስሜን ለወጡብኝ፤ ዘፈኔን ደግሞ እናንተ ልጆቼ አጠፋችሁት?» አሉን።

ዘፈኑ አልጠፋም ነበር። ስክሪንሴት የሚይዘው የመስኮቶቹን ቦታና መጠን እንጂ ድምፁን አይደለም። ከፍተን አሰማናቸው። ይሁን እንጂ ሰምተውም ፊታቸው አልተፈታም። ያን ጊዜ ነው የገባን። ለእኛ የመስኮት ድርድር የሆነው ነገር፣ ለእሳቸው ያለ አስተርጓሚ፣ የሰው እጅ ሳያዩ የሚገቡበት በር ነበር። እኛ ማኅበራዊ ሠራተኞች ሽማግሌዎቻችን ራሳቸውን እንዲችሉ ዘወትር እንመክራለን፤ የቻሉባትን አንዲት ቁልፍ ግን ሳንጠብቅላቸው ቀረን።

በመሆኑም ደንብ አወጣን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቁጥር አለው፤ ዝርዝሩም በአማርኛና በዕብራይስጥ ተጽፎ ከስክሪኑ ጎን ተለጥፏል። ሁለተኛ፣ ድርድሩ እንዳለቀ ሺፍትንና ኤልን አብሮ በመጫን ይቆለፋል፤ መቆለፉንም ከቁጥሩ አጠገብ የምትታይ ነጥብ ትናገራለች። ሦስተኛ፣ ስክሪንሴት የሚቀመጠው በየፕሮጀክቱ ውስጥ ስለሆነ ወደ አዲስ ፕሮጀክት በራሱ አይሻገርም፤ ስለዚህ የሁሉንም ቁጥር የያዘ አንድ ቴምፕሌት አዘጋጅተን አዲሱን ሥራ ሁሉ ከዚያ እንጀምራለን። ለቆዩት ፕሮጀክቶች ደግሞ ስክሪንሴቶቹን ከሌላ ፕሮጀክት ማስመጣት ይቻላል። አራተኛ፣ የማሲንቆ ቅኝት ከፒያኖ ጋር ልክ ለልክ ስለማይገጥም የኮምፒውተሩን መሣሪያዎች በማሲንቆው ልክ ቃኝተናል። ይህም ከፕሮጀክቱ ጋር የሚቀመጥ ስለሆነ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይነካም።

ልጆቹ ይቅርታ ጠይቀው ቁጥር 2ን በገዛ እጃቸው እንደገና ደረደሩ፤ ቆለፉትም። አባባም መምጣታቸውን አላቋረጡም። አሁን ግን ማሲንቆአቸውን ከማውጣታቸው በፊት መነጽራቸውን አድርገው ያችን ነጥብ ይፈልጋሉ።

መቅዳት የምትፈልጉ ሁሉ ማታ ማታ ብቅ በሉ። ብዙ ቁጥሮች አሉን፤ 2 ግን ተይዛለች።