የአዳነን ጎል አላየሁም

ዛሬ አንድ የቆየ ውሸቴን ልናዘዝ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ትናንት ማታ እዚህ ሐዋሳ አረብ ሰፈር ቡና ላይ ተቀምጠን "በኢትዮጵያ ስፖርት አንድ ሰው የሠራው ትልቁ ገድል የቱ ነው?" የሚል ክርክር ተነሳ። እንደ ወትሮው ሁሉም የየራሱን ይዞ መጣ። አንዱ ሲድኒ 2000 አለ፤ ኃይሌ ያን ሁሉ 10 ሺህ ሜትር ሮጦ ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ብቻ መሆኑን እንደ ጸሎት በቃሉ ይዞታል። ሌላው ሞስኮ ላይ 5 ሺውንም 10 ሺውንም የወሰደውን ምሩፅን አነሳ። የባርሴሎናዋን ደራርቱን ያነሳችው ቡና የምታፈላልን ልጅ ናት፤ እሷን ደፍሮ የተከራከራት የለም።

ወደ ኳስ ሲመጣ ግን ሐዋሳ ሐዋሳ ናት። የእኛ ሰው አዳነ ግርማ ነው። እዚሁ ተወልዶ፣ የሐዋሳ ከነማን ማልያ ለብሶ፣ ከዚያ ወደ ጊዮርጊስ የሄደ ልጅ። "ዛምቢያ ላይ ያገባት ቀን የት ነበርክ?" ሲሉኝ ስንት ዓመት የመለስኩትን መለስኩ።

"ከአባዬ ጋር ሆነን አየናት።"

ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ያኔ ልጅ ለነበራችሁ ላስታውሳችሁ። ቀኑ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቅታለች። ሱዳን በሜዳዋ 5 ለ 3 አሸንፋን፣ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 መልሰን ነው ያለፍነው። ከሁለቱ አንዷን ያገባት አዳነ ነው፣ ሌላዋን ሰላዲን። ደቡብ አፍሪካ ስንደርስ ደግሞ መጀመሪያ የገጠመችን የዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ሆነች።

አባዬ ከጠዋት ጀምሮ አላስቀመጠንም። "ዋንጫውን ያነሳነው በ54 ጥር 13 ነው። ዛሬም ጥር 13!" ይላል። ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። ጎረቤት ቤት ሬዲዮ ስር ተኮልኩሎ የሰማውን፣ ሁለቴ በግብፅ ተመርተን ሁለቴ አቻ ሆነን፣ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ማሸነፋችንን፣ የመንግሥቱ ወርቁን አራተኛ ጎል ራሱ የመታት ይመስል ነበር የሚያወራው። እኛ ቤት ይህን ታሪክ ያልሰማ እንግዳ የለም።

ፒያሳ አንድ ዲ ኤስ ቲ ቪ ቤት ሄድን። ቦታ የለም፤ በስንት ልመና ሁለት የላስቲክ ወንበር አገኘን። ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ። ሪጎሬ አገኘን፣ ሰላዲን መታ፣ በረኛው ምዌኔ አዳነ። ትንሽ ቆይቶ የእኛ በረኛ ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ። እረፍት ሊወጡ ሲሉ ደግሞ ምቤሱማ አገባብን። 1 ለ 0፣ በዚያ ላይ በ10 ሰው።

"አባዬ እንሂድ፣ ከዚህ በኋላ የምን ጨዋታ ነው?" አልኩት።

"ቁጭ በል። በ54ም ሁለቴ ተመርተን ነው።"

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀምር አልቻልኩም። "ስልክ ላናግር፣ መጣሁ" ብዬው ወጣሁ። የሚደወልለት ሰው አልነበረም። አራትና አምስት ሲገባብን ላለማየት፣ ደግሞም እውነቱን ለመናገር የአባዬን ፊት ላለማየት፣ ቁልቁል ወደ ፍቅር ሐይቅ ሄድኩ።

ሐይቁ ጋ ልደርስ ስል ከተማው ጮኸ። ከየቤቱ፣ ከየበረንዳው። ባጃጆቹ ጡሩምባቸውን ለቀቁት። አንዱን ሹፌር "ምን ተፈጠረ?" ብለው ስሙን ብቻ ነው የነገረኝ። "አዳነ! አዳነ!"

ሮጬ ተመለስኩ። በሰው መሃል አንገቴን አሹልኬ ሳይ ወንበሬን የማላውቀው ልጅ ተቀምጦበታል። አባዬ ያን ልጅ አቅፎ ያለቅሳል። ነጠላው መሬት ወድቋል። ቀና ሲል በሩ ላይ አየኝ። ምንም አላለኝም።

ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። ወደ ቤት ስንሄድ ያገኘነው ሁሉ "አያችሁ? አያችሁ?" ይላል። ልናገር አፌን ስከፍት አባዬ ቀደመኝ። "እኔና ልጄ ጎን ለጎን ሆነን አየናት!"

ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ እንደዚያው ነበር የሚያወራው። አንድ ቀን እንኳ "ጥለኸኝ ሄድክ" አላለኝም። እኔም አንድ ቀን ይቅርታ አልጠየቅኩትም። እሱ ከሞተ በኋላ ውሸቱን እኔ ወረስኩት።

በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ከምድቡ ወጣን። ይሁን። ስለዚያ ጎል ሲወራ ግን 65ኛው ደቂቃ ብቻ ነው የሚነሳው። ሪጎሬ ስተው፣ በረኛ አጥተው፣ ጎል ገብቶባቸው፣ እነዚያ ልጆች መሮጣቸውን አላቆሙም። ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ ያውም ወንበር ላይ ተቀምጬ። ጎሏን ከዚያ ወዲህ ዩቲዩብ ላይ ስንቴ እንዳየኋት ቁጥሩን አላውቀውም። ኳሷ መረብ ስትነካ የአባዬ ፊት ምን ይመስል እንደነበር ግን የሚያውቀው ወንበሬ ላይ የተቀመጠው ያ ልጅ ብቻ ነው።

ወንድሜ፣ ያኔ ፒያሳ አንድ ነጠላ የለበሰ ሽማግሌ አቅፎህ ያለቀሰ አንተ ከሆንክ፣ እባክህ ጻፍልኝ። ቡና እጋብዝሃለሁ። እንዴት እንደነበር ብቻ ንገረኝ።

እናንተስ የት ነበራችሁ? እውነቱን ብቻ።