ምስጥ የዘራው፣ ዝናብ ያበቀለው

ከጅማ ወደ ደቡብ ምዕራብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ቦንጋ የገባነው ዘመድ ልንጠይቅና በትውልድ ቦታው ቡና ልንጠጣ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ጠዋት የባለቤቴ እናት ደጁን ቃኘት አድርገው «እንጉዳይ ሳይወጣ አይቀርም፤ ፀሐይ ሳይከርር እንሂድ» አሉ። ልጆቹ ቁርሳቸውን እንኳ በቅጡ አልጨረሱም።

በቦንጋ ዙሪያ ያለውን የካፋን ደን ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ውስጡ ሲገቡ ምክንያቱን መጠየቅ አያስፈልግም። ቀረሮው ሰማዩን ሸፍኖታል፤ ከሥሩ የጫካ ቡናው፣ ከቡናው ሥር ደግሞ መሬት ለመሬት የሚያፈራው ኮረሪማ። ልጆቹ አንገታቸውን አቅንተው ጉሬዛ ይፈልጋሉ፤ እማማ ግን ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም።

እንጉዳዩን ያገኙት ከጫካው ዳር፣ ኩይሳ አጠገብ ነው። አፈሩ እዚህም እዚያም ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ ነጫጭ ቆቦች ብቅ ብቅ ብለዋል። ቆቡ መሐል ላይ ጠንካራ ሹል ጫፍ አለው፤ መሬቱን በስቶ የሚወጣበት እሱ ነው። ልጄ ልትመነግለው ስትል «ቀስ በይ የኔ ልጅ፣ ሥሩ ሩቅ ነው» አሏትና አፈሩን በጣታቸው ይገልጡ ጀመር። ነጩ ሥር ወረደ፣ ወረደ፣ ክንድ ያህል ወርዶ ምስጡ ቤት ገባ።

እኔ በፍቅር የወደቅኩት እዚያ ጉድጓድ አፍ ላይ ነው። ተመራማሪዎች ተርሚቶማይሰስ የሚሉት የዚህ እንጉዳይ ገበሬ ምስጥ ነው። ሠራተኞቹ ምስጦች የደረቀ ቅጠልና እንጨት እያኘኩ፣ ከሆዳቸው ባለፈው ነገር ከመሬት በታች መደብ ይሠራሉ። ፈንገሱ በመደቡ ላይ ይበቅላል፤ ለእነሱ የማይፈጨውን እንጨት ያብላላላቸዋል፤ እነሱም ይመገቡታል። አንዱ ያለ ሌላው አይኖርም። ይህ እርሻ አፍሪካ ውስጥ ከተጀመረ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ የሰው ልጅ ዘር መዝራት ከጀመረ ቢበዛ 12 ሺህ ዓመት ቢሆነው ነው። ሰብልና ቤት በላብን ብለን የምንረግመው ምስጥ እንዲህ ያለ አራሽ መሆኑን ሳስብ ዛሬም ይደንቀኛል። እኛ ግን ይህን ፈንገስ ገበያ ላይ እንደምናየው እንጉዳይ በቤት አልምተን ልንሸጠው አልቻልንም። የሚፈልገው ሰው ዝናብ ጠብቆ ይወጣል።

ወንዱ ልጄ ከዛፍ ሥር ሌላ፣ እጅግ ያማረ ነጭ አገኘ። እማማ አገላብጠው አዩትና «ተወው፣ አላውቀውም» አሉ። መርዝ ነው አላሉም፤ አላውቀውም ነው ያሉት። አክብሮቴ የጨመረው ያኔ ነው። አንዳንድ ገዳይ እንጉዳይ ቢቀቀልም መርዙ አይለቅም፤ ሕመሙም የሚጀምረው ከተበላ ብዙ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። እሳቸውን የመሰለ አዋቂ ከጎኔ ከሌለ አንድም አልነቅል።

ያገኘነውን በኮባ ጠቅልለን ተመለስን። በሽንኩርትና በካፋ ቅቤ ቁሌት ተሠርቶ ከቆጮ ጋር ቀረበ። ሲያኝኩት ሥጋ ሥጋ ይላል፤ ሽታው ግን የራሰ አፈር ነው። ልጆቹ ድስቱን ጠረጉት።

ኩይሳው ካልፈረሰ በየዓመቱ እዚያው ቦታ እንደሚወጣ እማማ ነግረውናል። ልጆቹ ትምህርት ሲዘጋላቸው ሐምሌ ላይ እንመለሳለን፤ የዓመት ፈቃዴን ከወዲሁ ጠይቄያለሁ።